የገላጋዩ ብስክሌት

ሐሙስ፣ ጥር 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ ከፖሊስ ጣቢያ ተለቀቅሁ። ሦስት ቀን ነው ያቆዩኝ። ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜአለሁ። እዚህም ልጻፈው፤ ወደፊት የሚጠይቀኝ ቢመጣ ቃሌ አንድ ዓይነት እንዲሆን።

ቅዳሜ ጥር 19፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ታናሽ ወንድሜ እንዳላማው ከጎረቤታችን ከአንሙት ጋር በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣላ። ዛፎቹን የተከለው ሟቹ አባታችን ነው። አንሙት ሥራቸው ማሳዬ ገብቶ ጤፌን አደረቀው ብሎ ሦስቱን ቆረጠ። እንዳላማው ጠጥቶ ነበር፤ መጥረቢያ ይዞ ወረደ። እኔ ጩኸት ሰምቼ ከቤት ሮጬ ደረስኩና ልገላግል ገባሁ። በዚህ መሀል እንዳላማው አንሙትን አንገቱ ሥር መታው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው። ከዚያ መጥረቢያውን ጥሎ ወደ ዓባይ በረሃ ሸሸ። አንሙት እዚያው ሞተ። እኔ ገላጋይ ነበርኩ።

ያየሁት ይህን ነው።

ባለቤቴ መቅደላዊት ሸሚዜን ሦስት ጊዜ አጥባው አልለቅ ስላላት አቃጠለችው። ከአንገትጌው እስከ ወገቡ ደም ነበር። ፖሊሶቹ ስለ ሸሚዝ አልጠየቁኝም።


ዓርብ፣ ጥር 25

ደብረ ማርቆስ፣ ኮሌጅ ገባሁ። የብረታ ብረት ክፍል ተማሪዎቼ ሲያዩኝ ማሽኑን ሁሉ አጠፉት። 

ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ኢሜይሌን ከፈትኩ። ሄንክ ጽፎልኛል። ሄንክ ሆላንዳዊ ነው፤ ሁለት ዓመት ብየዳ አብሮኝ ሲያስተምር ቆይቶ አምና ወደ አገሩ ተመለሰ። እዚህ ሳለ ታይፎይድ ይዞት አሥራ አንድ ቀን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ያንን ሳልመልስ አልሞትም እያለ ሲዝት ነበር፤ አሁን ብስክሌት ልሠራልህ ነው ይላል። ያውም በታይታኒየም። የገባበት ትንሽ ወርክሾፕ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ እየለካ ነው የሚሠራው። ታይታኒየም እኛ በመጽሐፍ ብቻ የምናስተምረው ማዕድን ነው። አይዝግም፤ ክብደቱ የብረትን ግማሽ ቢሆን ነው። አሁን የምነዳው የቻይና ብስክሌት ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ከቤታችን ከጥድ ማርያም እስከ ኮሌጁ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በየቀኑ ከነጭነቱ እገፋዋለሁ።

ጥያቄው ብዙ ነው። የእግሬን ርዝመት፣ የክንዴን፣ የትከሻዬን ስፋት ለካ ይላል። የብስክሌቱ አፅም የሆነው የቴላዮው የላይኛው ቧንቧ ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ? ከሁሉ ይልቅ ያሰበበት የኋላው ጎማ ዘንግ የሚቀመጥበትን የቴላዮ ጫፍ፣ ጆሮውን ነው። ሦስት ሥዕል ልኮልኛል። አንደኛው አፉ ወደ ታች የተከፈተ ነው፤ መቆለፊያውን በጣት ሲፈቱት ጎማው ወዲያው ይወጣል፤ ማርሽ ግን ግድ ይላል። ሁለተኛው አፉ ወደ ኋላ የተከፈተ፣ በዳዶ የሚታሰር ነው፤ ማርሽ አያስፈልገውም፤ ካቴናው ሲላላ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ማጥበቅ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ለማውለቅ ግን ቁልፍና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሦስተኛው በብሎን የሚንሸራተት፣ የሁለቱ ድብልቅ ነው። «በጥድፊያ አትመልስልኝ» ይላል ሄንክ። «አንዴ ከተበየደ አይቀየርም።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ሥዕሎቹን ብቻ ሳይ ቆየሁ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ተመስገን ነው።


ሰኞ፣ ጥር 28

የጭድ ክምራችን ተቃጠለ። ሁለቱም። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አገር እያየ። አየሁ የሚል ግን አልተገኘም። እናቴ ሥራነሽ በባልዲ ውሃ ስታመላልስ እሳቱ ላይ አልነበረም የምትደፋው፤ የቤታችን ክዳን ላይ ነው።

መቅደላዊት ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሳለች ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰምታለች። እንዳላማውን ገድለው ምን ያተርፋሉ፣ ሰካራም ነው፣ ለደም የሚቆጠረው ደመወዝተኛው ነው ሲሉ። ይህን ስትነግረኝ የበርበሬ ዋጋ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው።

ሳቅሁ። ገላጋይ አይገደልም አልኳት። እሷ አልሳቀችም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ጥቁሩ በሬያችን ሁለቱንም ቋንጃውን ተቆርጦ ተገኘ። ለመነሣት እየታገለ በፊት እግሮቹ መሬት ይቧጥጣል። እናቴ ከበረቱ አልወጣም ብላ ራሱን ታቅፋ ተቀመጠች፤ በግድ አስነሣናት። ቢላዋውን አንገቱ ሥር ሳስጠጋ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጎረቤት ተቀብሎኝ ጨረሰው። እኔ መያዝ ብቻ ነው የያዝኩት።

ሥጋውን የሚገዛን አልተገኘም። ከእኛ ቤት ሥጋ የሚበላ የለም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ለሄንክ መለስኩ። ቁመት 1.74፤ የውስጥ እግር 81 ሴንቲ ሜትር። ጆሮው ሁለተኛው ይሁን፣ ወደ ኋላ የተከፈተው። ጥድ ማርያም ማርሽ የሚያስተካክል አይገኝም፤ የ15 ቁልፍ ግን በየቤቱ አለ። የላይኛው ቧንቧ ቀጥ ያለ፣ ጭነት የሚታሰርበት። ቀለም አይቀባ፤ ተወልውሎ እንደ መስተዋት ያብለጭልጭ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ።

መኖር የሚያስብ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። ደስ አለኝ።


ዓርብ፣ የካቲት 9

 ሁሉንም ልጻፈው።

ጧት ጨሞጋ ድልድይ ልደርስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረኝ የኋላው ጎማዬ ተነፈሰ። ወርጄ አየሁት። ሚስማር የተመታበት ጣውላ አፈር አልብሰው መንገዱ ላይ ቀብረውታል። ማን እንደቀበረው ለመገመት ጊዜ አላጠፋሁም፤ ብስክሌቱን ገልብጬ ዳዶውን መፍታት ጀመርኩ። ዝጎ ተጣብቋል። ቁልፉ እያንሸራተተ ጣቶቼን ላጣቸው።

ቀና ስል አዳሙ ከመንገዱ በላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የአንሙት ታላቅ ወንድም ነው። ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። ልጆች ሆነን ከአንድ የኔታ ሥር ዳዊት የደገምን ነን፤ በቅኔ እሱ ይበልጠኝ ነበር።

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

«ጨርስ» አለኝ ድምፁን ሳያነሣ። «ያጎነበሰ ሰው አልመታም።»

ጎማውን አወለቅሁ። የውስጡን አወጣሁ፣ ቀዳዳዎቹን ፈለግሁ፣ ለጠፍኩ። እሱ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ያየኛል። አንዲት ሴት አህያ እየነዳች መጥታ ሁለታችንን አይታ ተመለሰች። ስነፋ ትንፋሼ ከፓምፑ በላይ ይሰማኝ ነበር።

«አንሙት ሯጭ ነበር» አለ አዳሙ። «በልጅነቱ ሚዳቋ አባርሮ ይይዝ ነበር። እንዳላማው ሰክሮ፣ እየተንገዳገደ፣ መጥረቢያ አንሥቶ ሲመጣበት ለምን እንዳልሮጠ ነው ያልገባኝ።»

  እኔ ገላጋይ ነበርኩ።

ዳዶውን አጥብቄ ስጨርስ ሰዓቴን አየሁ። አሥራ ስምንት ደቂቃ። አዳሙ ተነሣና ክላሹን ትከሻው ላይ አነገተ። ዛሬ እንዳጎነበስክ ሂድ፣ ቀና ብለህ ስትነዳ እንገናኛለን አለኝ። ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ እውነትም እንዳጎነበስኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ። 


ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ግቢ ውስጥ ስለማመድ ዋልኩ። ዳዶውን ዘይት ቀብቼ። የመጀመሪያው 9 ደቂቃ። ሁለተኛው 8:20። ሦስተኛው 7:40። ከዚያ በታች አልወርድ አለኝ። ሰባት ደቂቃ ብዙ ነው።


ሰኞ፣ የካቲት 12

ጾም ገባ። ለሄንክ አዲስ መልስ ጻፍኩ። ጆሮው አንደኛው ይሁን፣ ወደ ታች የሚከፈተው፣ በጣት የሚፈታው። ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በእርግጠኝነት ይንገረኝ። ማርሽ ይኑረው፤ ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት ከባድ ነው። የላይኛው ቧንቧ ዝቅ ይበል፤ ሳይቆም ዘሎ ለመውረድ እንዲያመች። ደግሞ አይወልወል። ፀሐይ የማይመልስ፣ አፈር የሚመስል ይሁን።


ሐሙስ፣ የካቲት 15

ሄንክ መለሰ። ጎማው በሃያ ሰከንድ ይወጣል ይላል፤ መለወጫ የውስጥ ጎማ ከያዝኩ በሦስት ደቂቃ እጨርሳለሁ። «ግን ምነው ሰከንድ ቆጠርክ? ውድድር ልትገባ ነው?» ብሎ ይቀልዳል። እኔን የመሰለ ሰው ጧት ማታ ለሚመላለስበት ብስክሌት ሁለተኛው ይሻላል፤ በቀላሉ የሚፈታ ነገር ለሌባም ቀላል ነው ይላል።

ክረምት ላይ ዝናብ ስለሚበዛ ነው ብዬ መለስኩለት።

መቅደላዊት በር መትቷት ከንፈሯ አብጧል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 20

የዲኑ ቢሮ ተጠራሁ። ትናንት አንድ ተማሪ ቧንቧ ሲቆርጥ ሌላው እንዲይዝለት ጠየቀው። «አጥብቀህ ያዝልኝ» አለው። ሌላ ነገር አላለም። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ የሚይዘውን ልጅ በብረት ማስመሪያ ፊቱን መታሁት። ቅንድቡ ተተረተረ። አራት ቦታ ተሰፍቷል።

ዲኑ የቤተሰብ ችግር እንዳለብህ እናውቃለን አለ። በደብዳቤ አስጠንቅቆኝ አለፈ። ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ሁለት እጁን ወደ ፊቱ አነሣ።


እሑድ፣ የካቲት 25

እናቴን ደብረ ወርቅ፣ እህቷ ዘንድ አድርሼ መጣሁ። አልሄድም ብላ ነበር።  ስንለያይ ጉንጬን ያዘችና ወንድምህ ይግደል፣ አንተ ግን ለምን ሮጠህ ሄድክ አለችኝ። ጩኸት ሰምቼ ነው አልኳት። ጩኸት አልነበረም፣ እኔ ደጅ ነበርኩ፣ እንዳላማው ሲጠራህ ነው የሄድከው አለች። አርጅታለች፤ ነገር ይምታታባታል።

ስመለስ መቅደላዊት የተማሪ ደብተር ታርማለች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ለነገ መዘጋጀት አለባት። ከንፈሯ ጠባሳ ሠርቷል።

በር አልነበረም። ያን ዕለት፣ አንሙት ሲመታ እጆችህ የት ነበሩ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ መታኋት። በቡጢ። ወድቃ ተነሣች፤ ደሙን በነጠላዋ ጠርጋ እራት አቀረበች። ስድስት ዓመት ስንኖር እጄን አንሥቼባት አላውቅም። ጽፌዋለሁ፤ ይበቃል።


ሐሙስ፣ የካቲት 29

ተተኮሰብኝ።

ከኮሌጅ ስመለስ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ሁለት ጥይት። አንደኛው በጆሮዬ አለፈ። ሁለተኛው ብስክሌቱን ነው ያገኘው፤ ከኮርቻው ሥር ገብቶ በቴላዮው በኩል ወጣ። ስባሪው ባቴንም የኋላውን ጎማም ቀዶታል። አልቆምኩም። የኋላው ጎማ ተንፍሶ በቸርኬው ብቻ፣ ድንጋይ ላይ እየተንቋቋ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ደሙ ጫማዬን ሞልቶ ፔዳሉ ያንሸራትተኝ ነበር።

ቀና ብዬ ነበር የምነዳው። ቃሉን ጠበቀ።

መቅደላዊት ቁስሉን በጨውና በውሃ አጠበችው። ለፖሊስ እናመልክት አለች። አላየሁትም አልኳት። እውነትም አላየሁትም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

የኮሌጅ ባልደረቦቼ ኪራይ ቤት ደብረ ማርቆስ ፈልግ ይሉኛል። ብሄድ ፈራ ይላሉ። ይህ ብቻም አይደለም፤ ብሄድ አጥፍቶ ነው ይላሉ። ያላጠፋ ሰው ለምን ይሸሻል?


ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

እንዳላማው እጁን ሰጠ። ከበረሃው ቁይ ገበያ ወጥቶ፣ ረኃብ አስመርሮት፣ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ወደ ደብረ ማርቆስ አምጥተውታል። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ኮሌጅ ድረስ መጥቶ ቃልህን በድጋሚ እንፈልገዋለን አለኝ። ምነው ስለው፣ ወንድምህ ሌላ ነገር ይናገራል አለኝ።


ዓርብ፣ መጋቢት 14

ማረፊያ ቤት ሄጄ እንዳላማውን አየሁት። ከስቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሽቦ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ምን ብለህ ነው ቃል የሰጠኸው አልኩት።

«ያዝልኝ አልኩህ፣ ያዝክልኝ» አለ። «አያ፣ እኔ ውሸት ጨምሬ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም። በረሃ ለበረሃ ስዞር የመታሁትን ሳይሆን የሚያየኝን ዓይኑን ነው የማልረሳው። አንተ ከኋላው ነበርክ፤ አላየኸውም።»

አእምሮህ ታውኳል አልኩት። ልገላግል ነው የያዝኩት አልኩት።

«ገላጋይ መጥረቢያ የያዘውን ነው የሚይዘው» አለኝ።

ትቼው ወጣሁ። ያን ዕለት ሰክሮ ነበር። የሰከረ ሰው ቃል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።


ሰኞ፣ መጋቢት 17

ሄንክ ጻፈ። ቧንቧዎቹ በልኬ ተቆርጠዋል፣ ፎቶም ልኳል። ግራጫ ናቸው፤ ቀላልነታቸው ከፎቶው ያስታውቃል። ጆሮውን ግን ገና አልበየደውም። ሐሳቤን ስለቀያየርኩበት የመጨረሻ ቃሌን ይጠብቃል። መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ሰዓትህ አልቋል አለኝ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 19

የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ ኪዳን ቤት ድረስ መጡ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን አነጋግረዋል። የአንሙት ወገን እንዳላማውን ለሕግ ትተናል፣ የምንፈልገው የወንድሙን የዓለምነውን መሐላ ነው ብለዋል። ቅዳሜ መጋቢት 29፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ጥድ ማርያም ደጀ ሰላም፣ መስቀል ይዤ «አልያዝኩትም» ብዬ ከማልኩ አዳሙ ክላሹን ያወርዳል። ነገሩ ያልቃል።

«ልትምል ትችላለህ?» አሉኝ አባ።

እችላለሁ አልኩ።  መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ተነሥተው ሄዱ። ረስተውት ይሆናል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 27

እችላለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ብስክሌቱ ይመጣል። በሃያ አምስት ደቂቃ ኮሌጅ እደርሳለሁ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2

የምጽፈው በግራ እጄ ነው። የቀኝ አንገት አጥንቴ ተሰብሯል፤ ሁለት ጥርሴም ወልቋል። ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አድሬ ትናንት እዚህ ማረፊያ ቤት አመጡኝ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ቅዳሜ ሁሉም መጥቷል። መሣሪያ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጧል። እኛ በአንድ ወገን፣ እነሱ በአንድ ወገን፣ በመካከላችን ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀል ይዘው። የአንሙት ሚስት ፈንታዬ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከመሐላው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱላት።

ተነሥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። አትጮህም፣ አታለቅስም።

«ዓለምነው፣ ያጠቡት ሰዎች ፊቱ ላይ አፈር አልነበረም አሉኝ። ጀርባውም ላይ አልነበረም። ሜዳ ላይ የተመታ ሰው እንዴት አፈር ሳይነካው ይሞታል? እኔ በእሱ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። የት ላይ ነው የወደቀው?»

አባ መስቀሉን ወደ እኔ አስጠጉት። አፌን የከፈትኩት ልምል ነበር።

«አልወደቀም» አልኩ። «እኔ ደረት ላይ ነው የሞተው። ይዤው ነበር።»

 እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

«ምን አለ?»

«‹ልቀቀኝ› አለኝ። ‹ዓለምነው፣ ልቀቀኝ› አለኝ።»

ፈንታዬ ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። አዳሙ ከአንድ ሽማግሌ እጅ ዱላ ነጥቆ ሲመጣ አየሁት። አልሮጥኩም፣ እጄንም አላነሣሁም። የመጀመሪያው አንገቴ ሥር ነው ያረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው አፌን። ከወደቅሁ በኋላም መታኝ፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ያጎነበሰ አልመታም ያለው ሰው ነው። አባ በላዬ ላይ ተደፍተው አንዱን ዱላ በጀርባቸው ተቀበሉ። ያስቆመችው ፈንታዬ ናት። ነጠላዋን በመካከላችን ጣለችና፣ ተወው፣ መናገሪያ ይተርፈው፣ ፍርድ ቤትም ይድገመው አለች።

አዳሙ ዱላውን ጥሎ ዳዊት እንደምንደግምበት ዘመን እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ፍርዱን እስካይ ክላሼን አላነሣም ብሎ መስቀሉን ተሳለመ።

እስካሁን ያልጻፍኩትን ልጻፍ። እንዳላማው ከማሳው «አያ፣ ና ያዝልኝ» ብሎ ሲጠራኝ ነው የሄድኩት። አንሙት መጥረቢያውን አይቶ ሊሮጥ ዞሯል። ከኋላ በሁለት ክንዴ አቀፍኩት፤ ሲታገለኝ ፊቱ ወደ እንዳላማው ዞረ። ሊመታው መሆኑን አላወቅሁም ብዬ ልጽፍ ነበር። መጥረቢያው ከእንዳላማው ትከሻ በላይ ሲነሣ አይቻለሁ። ልቀቀኝ ሲለኝም ሰምቻለሁ። ለመልቀቅ ጊዜ ነበረኝ። ዛፎቹን ስለቆረጠ ተናድጄበት ነበር፤ አንድ ጊዜ ይቅመሳት ብዬ ነበር። የኋላ ኋላ እጄ ሊላላ ሲል እሱ ከብዶኝ ነበር።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዛሬ መቅደላዊት መጣች፤ ዳቦና እንቁላል ይዛልኝ። ጥርሴ ስለሌለ ዳቦውን ቆርሳ ሻይ ውስጥ ነከረችልኝ።

የሄንክን ኢሜይል ከነሥዕሎቹ በወረቀት ገልብጣ ይዛለች። መልስ ቢያጣ ግራ ገብቶታል። የሆነውን እሷው በአጭሩ እንደጻፈችለት ነገረችኝ። እሱም ጥቂት ቀን ቆይቶ መልሷል። ብስክሌቱን አልሰርዝም፣ ቤት ውስጥ የሚነዳው ሌላ ሰው ካለ በእሱ ልክ አድርጌ እንደገና እቆርጠዋለሁ፤ ብቻ ስለ ጆሮው አንድ ቃል ስጡኝ ይላል።

«እኔ እነዳዋለሁ» አለች። «ትምህርት ቤቴ ሩቅ ነው።» እግሯን በክፍሏ ማስመሪያ ለክታ መጥታለች፤ 76 ሴንቲ ሜትር። የላይኛው ቧንቧ ለቀሚስ እንዲመች ዝቅ ይበል አለች። ያ በኔ ጊዜም ዝቅ እንዲል የጠየቅሁት ነው፤ ለምን እንደጠየቅሁ ግን ያን ጊዜ አልነገርኳትም። ዛሬ ነገርኳት። ጆሮውንም ለምን በጣት የሚፈታው ይሁን እንዳልኩ፣ ስለ ሰከንዱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ሁሉንም። ስታዳምጠኝ የእንቁላሉን ልጣጭ በአንድ ቦታ ትሰበስብ ነበር።

በዚያው ድልድይ ነው የመጣችው። አዳሙ መንገድ ላይ አግኝቷት አንገቱ ተጠገነ ወይ ብሎ ጠይቋታል። እየተጠገነ ነው ብላዋለች። ሌላ አልተነጋገሩም። እንዳላማው ከእኔ ሦስት ክፍል አልፎ ነው ያለው፤ ጧት ፀሐይ ስንሞቅ ከሩቅ እንተያያለን።

ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ሁለተኛውን ሥዕል በእስክሪብቶ ከበበችው። ወደ ኋላ የተከፈተውን፣ በዳዶ የሚታሰረውን። ለማውለቅ ጊዜ ይፈጃል አልኳት።

«ይፍጅ» አለች። «ጎማው ቢተነፍስ ቁጭ ብዬ እለጥፈዋለሁ። እኔን የሚጠብቀኝ የለም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። የቀረውን እንቁላል ለእንዳላማው እንዲሰጥላት ለጠባቂው አቀበለችው። ሰዓቱ ደርሶ ሲጠሯት ትከሻዬን በጣቷ ነካ አድርጋ ወጣች።

የሚጠብቀኝ የለም ያለችውን ስለ ድልድዩ ነው ብዬ ነበር የሰማሁት። እናቴ ደብረ ወርቅ፣ እንዳላማው እዚህ፣ እኔም እዚህ። ቤት ስትደርስ በሩን ራሷ እንደምትከፍተው የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው።